ጠያቂዋ ባልቴት፤ ስለ አንድ የቴክሳስ የወንጀል ልቦለድ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

፩. መግቢያ

ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ መሬት ይዞታና ስለ ታሪክ አጻጻፍ በሚነጋገር መጽሔት ውስጥ ስለ አንዲት ጡረተኛ መምህርትና ስለ ኮክ ጣፋጭ የሚተርክ ልቦለድ ማንሣት፣ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቧልት ሊቆጠር ይችል ይሆናል። ይህ ጸሐፊም መጽሐፉን መጀመሪያ የገለጠው ለሂስ ሳይሆን እንቅልፍ እንዲያመጣለት ነበር። ይሁንና መጽሐፉ ተነቦ ካለቀ በኋላ ያስከተለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚሰጥ ሆኖ አልተገኘም። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አሜሪካውያን ስለ ሰው ግድያ እየሣቁ መጻፍና ማንበብ ሲችሉ፣ ብዙ ሞት አይተን ብዙ ገዳይ ሳይጠየቅ የቀረብን እኛ እንዲህ ያለ ልቦለድ ለምን አልጻፍንም? መልሱ «እኛ ቁም ነገረኞች ነን፤ እነርሱ ቀላሎች ናቸው» የሚል ከሆነ ነገሩ በአጭሩ ይቋጫል። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ጉዳዩን ከሥሩ ለያዘው ሰው መልሱ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ሣቅ የሚመነጨው ከሞት መናቅ አይደለም፤ ጎረቤትን መጠየቅ ነውርም ወንጀልም ካልሆነበት ኑሮ ነው። እኛም ያጣነው የሣቅ ችሎታን ሳይሆን ያንን የመጠየቅ ነፃነት ነው።

፪. ልቦለዱና ባለታሪኳ

የሊቪያ ጄ. ዋሽበርን «ኤ ፒች ኦቭ ኤ መርደር» እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለቀጠሉት ተከታታይ ልቦለዶች መነሻ ነው። «ፒች» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፍሬውን ኮክን ብቻ ሳይሆን በዓይነቱ እጅግ ያማረውን ነገር ሁሉ ስለሚያመለክት፣ ርእሱን «ኮክ የመሰለ ግድያ» ብንለው ከደራሲዋ ቀልድ ብዙ አንርቅም። ታሪኩ የሚፈጸመው ከፎርት ወርዝ በስተ ምዕራብ ሠላሳ ማይል ያህል ርቃ በምትገኘው በዌዘርፎርድ ከተማ ነው። በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በአውራ ጎዳና ቁጥር 20 ወደ ምዕራብ ስንነዳ ስሟን በምልክት ሰሌዳ ላይ እናነባለን እንጂ ብዙዎቻችን ጎራ ብለን አናያትም። ዌዘርፎርድ የፓርከር ካውንቲ መቀመጫ ናት፤ በመካከሏ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በድንጋይ የታነጸ የፍርድ ቤት ሕንፃ አላት፤ በኮኳ የታወቀች በመሆኗም በየዓመቱ በጁላይ ወር የኮክ በዓል ይከበርባታል።

ባለታሪኳ ፊሊስ ኒውሰም ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለብዙ ዘመን ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። (ይህ ጸሐፊ ለገጸ ባሕርይ አንቱታ መስጠት የተለመደ አለመሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ጡረታ የወጡ መምህርትን «አንቺ» ለማለት ብዕሩ እምቢ ብሎታል። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።) ወይዘሮ ፊሊስ ትልቁን ቤታቸውን እንደ እርሳቸው ጡረታ ለወጡ መምህራን ክፍል ክፍሉን እያከራዩ ይኖራሉ። ከተከራዮቹ አንዷ ወይዘሮ ካሮሊን ዊልባርገር ወዳጃቸውም፣ በምግብ ዝግጅት ውድድር ተቀናቃኛቸውም ናቸው። በቅርቡ የመጡት አቶ ሳም ፍሌቸር ደግሞ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የነበሩ ሰው ናቸው። የወይዘሮ ፊሊስ ልጅ ማይክ በካውንቲው ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ፖሊስ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ኮክ አብቃይ ገበሬ ከመኪና ሥር ተጨፍልቆ ሞቶ ይገኛል። ቀጥሎም በበዓሉ ዕለት፣ ከውድድሩ ዳኞች አንዱ ወይዘሮ ፊሊስ ያዘጋጁትን ኮብለር፣ ማለትም ከላዩ ሊጥ ተደርጎበት በምድጃ የሚጋገረውን የኮክ ጣፋጭ፣ በቀመሰ ጊዜ ወድቆ ይሞታል። ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ በተለይም አጥፊው ማን እንደሆነ፣ ይህ ጸሐፊ አይገልጽም፤ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ ሂስ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምስጢር ጠባቂ መሆን ይገባዋልና።

የደራሲዋ ትልቁ ብልኀት በመርማሪዋ ምርጫ ላይ ይታያል። ወይዘሮ ፊሊስ ጠመንጃ የላቸውም፤ ሥልጣን የላቸውም፤ የሕክምና ወይም የሕግ ዕውቀትም የላቸውም። ያላቸው ትውስታ ነው። በትንሽ ከተማ ለረጅም ዘመን ያስተማረ ሰው የከተማውን ግማሽ በልጅነቱ ያውቀዋል፤ ማን የቤት ሥራውን ሳይሠራ ምን ምክንያት ያቀርብ እንደነበር፣ ሲዋሽ ወዴት ይመለከት እንደነበር ያስታውሳል። የታሪክ መምህርት መሆናቸውም በከንቱ አይመስልም። የታሪክ ሰው ሥራው የሁለት ምስክሮችን ቃል አስተያይቶ፣ ከሁለቱ የትኛው ምን ጥቅም እንዳለው ጠይቆ፣ የቀረውን ክፍተት በጥንቃቄ መሙላት ነው፤ የመርማሪም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ተከታታዩ መጻሕፍት በዌዘርፎርድ ብቻ አልተወሰኑም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው «ዘ ፌታል ፈነል ኬክ» ወይዘሮ ፊሊስን ወደ ዳላስ፣ በየዓመቱ በፌር ፓርክ ወደሚደረገው ወደ ቴክሳስ ትልቅ የበዓል ትርኢት ያመጣቸዋል። ያ ሥፍራ ለኛም እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን «ቢግ ቴክስ» ከተባለው ግዙፍ ምስል ሥር ፎቶግራፍ የተነሣንበት፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በስኳር የበላንበት ሥፍራ ነው።

፫. የዘውጉ ትውልድ

ጡረተኛዋ መርማሪ የቴክሳስ ፈጠራ አይደሉም። አሜሪካዊቷ ደራሲ አና ካተሪን ግሪን እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመችው ልቦለድ፣ አሚሊያ በተርወርዝ የምትባል፣ ባል ያላገባች፣ በመስኮት የጎረቤቷን ቤት የምትመለከት ሴት መርማሪ አድርጋ አቅርባለች። አጋታ ክሪስቲም እ.ኤ.አ. በ1927 በአጭር ልቦለድ፣ በ1930 ደግሞ በረጅም ልቦለድ፣ ሹራብ እየሠራች የሰውን ልብ የምታነብበውን ሚስ ማርፕልን ለዓለም አስተዋወቀች። በዚያው ዘመን የካቶሊክ ቄስና ደራሲ የነበረው ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወንጀል ምርመራ ልቦለድ ዐሥር ሕግጋት አወጣ፤ የሕግጋቱም መንፈስ አንባቢ እንዳይታለል፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢውም እንዲያገኝ የሚያዝዝ ነው። ዛሬ አሜሪካውያን «ኮዚ» የሚሉት ዓይነት ልቦለድ የእነዚህ ተወላጅ ነው። ደም በአንባቢ ፊት አይፈስስበትም፤ መርማሪው ባለሙያ አይደለም፤ ሥፍራው ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት ትንሽ መንደር ነው፤ በመጨረሻም የምግብ አዘገጃጀት መመሪያ ይጨመርበታል። የዋሽበርን መጽሐፍም እንዲሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደዚህ አገር የመጣን ሰዎች ዘውጉን ያወቅነው ከመጽሐፍ ይልቅ ከቴሌቪዥን ነው። አንጄላ ላንስበሪ ከ1984 እስከ 1996 በተጫወተችበት «መርደር ሺ ሮት» በተባለው ተከታታይ ድራማ፣ ጄሲካ ፍሌቸር የምትባል የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህርት በየሳምንቱ ገዳይ ስትይዝ እያየን ቋንቋውን የተማርን ጥቂቶች አይደለንም።

ባለቅኔው ደብልዩ ኤች ኦደን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው የታወቀ ድርሳን፣ እንዲህ ያለው ልቦለድ የሚፈልገው ንጹሕ የሚመስል መንደር ነው ይላል። ግድያው ንጽሕናውን ያፈርሳል፤ መርማሪው አጥፊውን ለይቶ በማውጣት መንደሩን ወደ ገነቱ ይመልሳል። ይህ ትንተና ብዙ ያስረዳል፤ ነገር ግን ለእኛ አይበቃንም። ንጹሕ መንደር በየትም የለም፤ ዌዘርፎርድም ገነት አይደለችም። የወይዘሮ ፊሊስን ምርመራ የሚያስችለው የመንደሩ ንጽሕና ሳይሆን ሁለት ተራ ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጎረቤትን «ትናንት ማታ ማን መጣ?» ብሎ መጠየቅ ጠያቂውን ቢበዛ ወሬኛ ያሰኘዋል እንጂ ተጠያቂውን አያስገድለውም። ሁለተኛ፣ የተገኘው እውነት የሚደርስበት ቦታ አለው። ማይክ የእናቱን ጣልቃ ገብነት ባይወድም፣ የነገሩት ነገር ፍርድ ቤት ይደርሳል። በመካከለኛው አደባባይ የቆመው የድንጋይ ሕንፃ የከተማይቱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የልቦለዱ ምሰሶም ነው።

፬. የእኛ ጠያቂዎች

ወደ አገራችን ስንመለስ ምርመራ እንግዳ ነገር ሆኖ አናገኘውም። ቀድሞ ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። አንድ ልጅ መድኀኒት ጠጥቶ፣ በወገቡ በመታጠቂያ ተይዞ እየተመራ መንደሩን ይዞራል፤ ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ይባላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥያቄ የለም፤ ማስረጃም የለም፤ ስለዚህ ልቦለድ ሊወጣው አይችልም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ግን ሌላ ነው። በደል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም፤ «ወፍ» የተባሉ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን በምስጢር ይናገራሉ፤ አጥፊው ካልተገኘም አገሬው በጋራ ካሣ ይከፍላል። በአፈርሳታ ውስጥ ያለው ዕውቀት ወይዘሮ ፊሊስ ያላቸው ዕውቀት ነው፤ ማለትም መንደር የራሱን ምስጢር ያውቃል የሚል እምነት። ልዩነቱ በአፈርሳታ ውስጥ እውነቱን የሚያወጣው ግዴታና የካሣ ፍርሃት ሲሆን፣ በልቦለዱ ውስጥ የሚያወጣው የአንዲት አሮጊት የማወቅ ጉጉት መሆኑ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ይህም ተለወጠ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር እንዲተዳደር የታሰበ ይመስል ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲነግሥ ግን የጎረቤት ዓይን የመንግሥት ዓይን ሆነ። «ትናንት ማታ ማን መጣ?» የሚለው የወይዘሮ ፊሊስ ጥያቄ፣ ቃል በቃል፣ የአሰሳ ጥያቄ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን «የጠየቀህ ሁሉ አታውቅም በለው» ብለው አሳደጉ። የማወቅ ጉጉት ነውር ብቻ ሳይሆን ደም ሆነ። ከዚያ ትውልድ የተረፍን ሰዎች ዛሬም በዳላስ የቤት በር ሲንኳኳ ከመክፈት በፊት ድምፅ ማጥፋት ይቀናናል።

የአማርኛ ልቦለድ የመረጣቸው መርማሪዎችም ይህን ታሪክ ይመሰክራሉ። ማሞ ውድነህ በስለላ ትርጉሞቹና ሥራዎቹ፣ ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ልቦለዶቹ፣ ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» የስለላን ታሪክ ወደ ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ደረጃ አድርሶታል። ነገር ግን በዘውጉ ዘንድ የሚጠይቀው በአመዛኙ ሰላይ፣ መኮንን፣ ፖሊስ ወይም የመንግሥት ሰው ነው፤ ይህ ጸሐፊ እስካነበበው ድረስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስኒ እያጠበች ገዳይ የምታገኝ ባልቴት አልገጠመችውም። የ«ኦሮማይ» ዕጣ ደግሞ ከማንኛውም ልቦለድ የከበደ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የታወቀውን የስለላ ልቦለዳችንን የጻፈው ሰው ራሱ ያልተፈታ ምስጢር ሆኖ ቀረ። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ስለ ግድያ መሣቅ ያልተቻለን ስለ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

፭. የልቦለዱ ጉድለት

ከዚህ የተነሣ የዋሽበርንን ሥራ እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ተጠርጣሪዎቹ ከመርማሪዋና ከጓደኞቿ ጋር ሲነጻጸሩ የሣሡ ናቸው፤ ለታሪኩ የሚፈለጉ ስለሆኑ እንጂ የራሳቸው ሕይወት ስላላቸው የመጡ አይመስሉም። የሸሪፉ ሰው የመርማሪዋ ልጅ መሆኑም አሠራሩን እጅግ ያቀልለዋል። ከሁሉ በላይ ግን የዘውጉ ሁሉ ጉድለት በዚህም ላይ ይታያል፤ ኀዘን የለውም። ሰው ይሞታል፤ በማግሥቱ ኬክ ይጋገራል። ሟቹ እንቆቅልሽ ነው እንጂ የማንም ወንድም አይመስልም።

ይህን ጉድለት የሚያየው በተለይ ልቅሶ ያደገበት አንባቢ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት በተሰማ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛ ይጠራል፤ ሦስት ቀን፣ ከዚያም ዐርባ፣ ከዚያም ተዝካር አለ። ደግሞም ልቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ፣ እንባውን ከጠረገ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ሆኖ ነው?» ይህ የመርማሪ ጥያቄ ነው። ድንኳኑ ያለ ግዴታ የተሰበሰበ አፈርሳታ ነው፤ ሁሉም ያየውን ያወራል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል፤ ቡና የምታቀርበው ሴት ሁሉንም ትሰማለች። እንግዲህ አሜሪካዊው ዘውግ የጎደለውን ኀዘን፣ እኛ ደግሞ የጎደለንን የመጠየቅ ነፃነት፣ አንድ ላይ የሚያኖር ልቦለድ ቢጻፍ ከሁለቱም የሚሻል ይሆን ነበር።

ቋንቋችንም ይረዳናል። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ በአማርኛ ግን ጠያቂ አፉን ከመክፈቱ በፊት አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ ወይም እርስዎ ማለትን መምረጥ አለበት። ፖሊሱ «እርስዎ የት ነበሩ?» ቢል ዝምታ ያገኛል። እማማ ግን የተማረውንም፣ የከበረውንም፣ ባለ ሥልጣኑንም ሰው «አንተ ልጅ፣ እስቲ ና ወዲህ፤ ትናንት የት አምሽተህ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ መልስ መንፈግ ነውር ነው። ሚስ ማርፕል ሹራቧን፣ ወይዘሮ ፊሊስ ኮብለራቸውን መሸሸጊያ ያደርጋሉ፤ የእኛ ባልቴት መሸሸጊያ አያሻቸውም። ሥልጣናቸው በሰዋስዉ ውስጥ አለ።

፮. ማጠቃለያ

በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰንና በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ፣ የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ከአገር የመጡ ብዙ እናቶች አሉ። መኪና አይነዱም፤ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ ቀኑን በመስኮት አጠገብ ያሳልፋሉ። ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ እነርሱ ማን መቼ እንደ ወጣ፣ የማን መኪና የት እንደ ቆመ፣ ማን ከማን ጋር ሰላምታ እንዳቆመ ያውቃሉ። እኛ የተማርነው ልጆቻቸው ይህን ዕውቀት ወሬ ብለን እናልፈዋለን። ከመስኮቱ ትዝብት በላይ ግን ሌላም ነገር ያውቃሉ። በ1969 ዓ.ም. ከየትኛው ቤት ማን እንደ ተወሰደ፣ በሩን ማን እንዳንኳኳ፣ ማን በማግሥቱ አዲስ ልብስ ለብሶ እንደታየ ያስታውሳሉ። እኛ ሰነድ ፍለጋ በየቤተ መዛግብቱ ስንዞር፣ ምስክሩ ወጥ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋል። ዝም ያሉትም የሚናገሩት ስለሌላቸው አይደለም፤ መጠየቅ ያስገድል በነበረበት ዘመን የተማሩትን ዝምታ ይዘው ስለመጡ ነው፤ እኛም ስላልጠየቅናቸው ነው። ዕድሜያቸው ደግሞ አይጠብቀንም።

ስለዚህ አንድ ቀልደኛ የቴክሳስ ልቦለድ ለስደተኛ ምሁር የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። ጥያቄ ወደ ጎረቤትነት እንዲመለስ፣ ከመርማሪ ቢሮ ወጥቶ ወደ ቡና ዙሪያ እንዲገባ ያሳስበናል። ቀልድ ቁም ነገርን እንደማያዋርድም መንግሥቱ ለማ በኮሜዲዎቹ አስቀድሞ አሳይቶናል።

ወጣት ደራሲ ይህን ቢያነብ፣ መነሻ የሚሆነውን እነሆ። በጋርላንድ በአንድ ቤት ልቅሶ ተደርሷል። ከእድርተኞቹ አንዷ ዶሮ ወጥ ይዛ መጥታለች። እማማ ክዳኑን ከፍተው፣ በጭልፋ ቀስ እያሉ ብልቱን ይቆጥራሉ፤ ዐሥራ አንድ ነው። በአቦል ዝም ይላሉ። በቶና አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። በበረካ ገዳዩን ያውቁታል።